ጌጤ ዋሚ፤ የጫጫዋ ሯጭና የ2000 ዓ.ም. 35 ቀናት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሸኖ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጫጫን ያገኛል። አብዛኛው መንገደኛ ከመኪና ሳይወርድ ነው የሚያልፋት። ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ንጋት ላይ አመዳይ የሚያለብሰው ሰፊ ሜዳ ነው። የታሪክ አንባቢ አካባቢውን የሚያውቀው በአንጎለላ ስም ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ መቀመጫ ያደረጓት፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ። ከዚያ 130 ዓመት አልፎ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በዚሁ አካባቢ ጫጫ ላይ ጌጤ ዋሚ ተወለደች።

ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክ ሲወራ ነገሥታቱ፣ አርበኞቹና ሊቃውንቱ ይቀድማሉ። ከሯጮች ደግሞ የጃቶው ተወላጅ አበበ ቢቂላ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም፤ ይገባዋልም። የጌጤ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከደራርቱ፣ ከፋጡማ፣ ከጥሩነሽና ከመሠረት በኋላ፣ ለሙሉነት ያህል የሚነሳ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ያስቆጨኛል። ጌጤ በአገር አቋራጭ ጭቃ፣ በመም እና በአስፋልት፣ በሦስቱም ላይ በየዘመኑ የነበሩትን የዓለም ምርጦች ያሸነፈች ናት። ሩጫን ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ልጅ ወልዳም ጭምር፣ የኖረችበት ሙያ አድርጋዋለች።

እሷ ስታድግ ይህ ሙያ ለሴት ገና በቅጡ አልተፈጠረም ነበር። ሴቶች በኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር መሮጥ የጀመሩት በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴኡል ላይ ነው፤ ኢትዮጵያም ያንን ኦሊምፒክ ስላልተካፈለች ከእኛ በኩል ማንም አልሮጠም። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቁን ስታጠልቅ ጌጤ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ለአንዲት የጫጫ ልጅ “ሴት ልጅ ሮጣ የት ትደርሳለች?” ለሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን በፊት በስም ተጠርቶ የሚታይ መልስ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የጌጤ ተራ የመጣው በመጋቢት 1988 ዓ.ም. ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኬንያውያኑን ሮዝ ቼሩዮትንና ናኦሚ ሙጎን አስከትላ አንደኛ ወጣች። ዕድሜዋ 21 ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ፖርቱጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮ ወርቁን፣ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ብሩን ሲወስዱ ጌጤ ነሐሱን ይዛ ተመለሰች። አራተኛ የወጣችው ራሷ ደራርቱ ነበረች። ያ ኦሊምፒክ በእኛ ዘንድ የሚታወሰው በኃይሌ ገብረ ሥላሴና በማራቶን ባለድሏ በፋጡማ ሮባ ስለሆነ የጌጤ ነሐስ ብዙም አልተወራለትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጌጤ ታሪክ ግማሹ ከአንዲት እንግሊዛዊት ጋር የተያያዘ ነው። ፓውላ ራድክሊፍ አሯሯጥዋ ለተመልካች አይጠፋም፤ ጭንቅላቷን ላይ ታች እያወዛወዘች ከፊት ሆና ትመራለች፣ ፍጥነቱን ታከብደዋለች፣ መጨረሻ ላይ የሚያፈተልክ ጉልበት ስለሌላት ተፎካካሪዎቿን ቀድማ ማድከም አለባት። ጌጤ ተቃራኒዋ ነበረች። ከኋላ ተጠግታ ትከተላለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፣ ከዚያ መጨረሻው ሲቃረብ ትወጣለች። በመጋቢት 1991 ዓ.ም. ቤልፋስት ላይ፣ እግር በሚውጥ ጭቃ ውስጥ፣ ጌጤ ሁለተኛውን የአገር አቋራጭ ወርቋን ስታገኝ የአገሯ ልጅ መሪማ ደንቦባ ሁለተኛ፣ ራድክሊፍ ሦስተኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሴቪል ላይ የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ነበር። ራድክሊፍ እንደ ልማዷ መራች። ጌጤም እንደ ልማዷ ተከተለች፤ መጨረሻው ላይ ጥላት ሄደች፤ 30 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከ56 መቶኛ ሰከንድ። ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ ነሐሱን ወሰደች። በወንዶቹም ኃይሌ ስላሸነፈ የዚያ ዓመት ሁለቱም የ10 ሺህ ወርቆች ወደ አዲስ አበባ ነው የመጡት።

የሲድኒ ኦሊምፒክን ሳምንት ግን ዘርዘር ማድረግ ይገባል። ጌጤ እዚያ 5 ሺህም 10 ሺህም ለመሮጥ ነው የሄደችው። መስከረም 12 ቀን 1993 ዓ.ም. የ5 ሺህ ማጣሪያ ሮጠች። መስከረም 15 በፍጻሜው ሩማንያዊቷ ጋብሪኤላ ሳቦና አየርላንዳዊቷ ሶኒያ ኦሱሊቫን እየተናነቁ ሲገቡ እሷ ከሳቦ አንድ ሰከንድ ተኩል ባልሞላ ልዩነት ሦስተኛ ሆነች። ያ ምሽት ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በደረት ስፋት የቀደመበት ምሽት ነው፤ አገሩ ሁሉ ያንን ሲያወራ አደረ። መስከረም 17፣ እኛ መስቀልን ስናከብር፣ ጌጤ የ10 ሺህ ማጣሪያ ላይ ነበረች። መስከረም 20 በፍጻሜው ደራርቱ በመጨረሻው ዙር እንደ ጥይት ተተኩሳ ወርቁን ስትወስድ ጌጤ ሪቤሮን በአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ቀድማ ብሩን ያዘች። ራድክሊፍ አራተኛ ወጣች። በ9 ቀን ውስጥ 4 ውድድር፣ 30 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሜዳልያ። በዘመኑ በረጅም ርቀት ይህን የሞከሩ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ከሁለቱም ሜዳልያ ይዘው የወጡ ደግሞ ከዚያም ያነሱ።

ከስድስት ወር በኋላ የዓለም አገር አቋራጭ ደብሊን ላይ ሊካሄድ ታስቦ ነበር። በብሪታንያና በአየርላንድ ከብቶች ላይ አፍተግር ስለገባ ውድድሩ ወደ ቤልጅየሟ ኦስተንድ ተዛወረ። ከብትና በግ አርቢ ለሆነው የእኛ አካባቢ ሰው የበሽታው ነገር አይነገረውም፤ በእግርና በጫማ ከእርሻ እርሻ የሚሄድ በሽታ ባለበት አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሯጮች መስክ ላይ ሊሮጡ አይችሉም። ኦስተንድ ላይ በመጀመሪያው ቀን በረጅሙ ርቀት ራድክሊፍ ጌጤን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። በአዋቂዎች የዓለም አገር አቋራጭ የእንግሊዛዊቷ የመጀመሪያ ወርቅ ነበር። በማግስቱ በአጭሩ ርቀት ሁለቱ እንደገና ተሰለፉ፤ በዚህኛው ጌጤ በአንድ ሰከንድ ቀድማ ሦስተኛውን የአገር አቋራጭ የግል ወርቋን አገኘች። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አንዷ ሌላዋን አሸንፋ፣ ተሸንፋም አየች። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ደግሞ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ተከታትለው ሦስቱንም ሜዳልያ ለኢትዮጵያ ሲያደርጉ ራድክሊፍ አሁንም አራተኛ ነበረች፤ ከጌጤ ጋር የነበራት ልዩነት የሰከንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ማንሳት ግድ ነው፤ ሙያ ሙያ የሚባለው ሰው ሲኖርበት ነውና። በእግር ኳሱ ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ በደደቢት ጎል አግቢነቷ ከታወቀች በኋላ ወደ ስዊድኑ ኩንግስባካ፣ ወደ ማልታው ቢርኪርካራ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ተሻግራለች። የእሷ ሙያ ኮንትራት ያለው ነው፤ ጎል ባላገባችበት ሳምንትም ደሞዝ ይታሰብላታል። በውጭ መድረክ የምትወዳደር ሯጭ ግን ዋና ገቢዋ የአሸናፊነት ሽልማት፣ የተሳትፎ ክፍያና የጫማ ኩባንያ ውል ነው። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠ ገቢዋ ይቆማል። ከወለደች ዓመት ይቆማል። ለዚህ ነው የመም ሯጮች ዕድሜያቸው ሲገፋ ወደ ማራቶን የሚሻገሩት፤ አስፋልቱ ከመሙ የተሻለ ይከፍላል። ጌጤ የመጀመሪያ ማራቶኗን በጥቅምት 1995 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ሮጣ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች። ከዚያ ልጅ ወለደች፣ ተመለሰች፣ በመስከረም 1999 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ሮጣ አሸነፈች። የወለደች ሯጭ አበቃላት በሚባልበት ጊዜ ከአምስተርዳሙ የተሻለ ሰዓት ይዛ መጣች ማለት ነው።

በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒው ዮርክ ተስማምተው የታላላቅ ማራቶኖች ተከታታይ ውድድር የሚባለውን አቋቁመው ነበር። ያኔ አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10 ነጥብ ያገኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነጥብ ያጠራቀመ ወንድና ያጠራቀመች ሴት እኩል 500 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር። በዘመኑ ምንዛሪ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ጌጤ በሚያዝያ 1999 ለንደን ላይ ከቻይናዊቷ ዡ ቹንሹ ቀጥላ ሁለተኛ ስትወጣ በአጠቃላይ 40 ነጥብ ደረሰች። ላትቪያዊቷ የሌና ፕሮኮፕቹካ ግን በኒው ዮርክ ድሏና በሁለት የቦስተን ሁለተኝነቷ 55 ይዛ ትመራ ነበር፤ የቀራትም ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችበት ኒው ዮርክ ነው።

ሂሳቡ ግልጽ ነበር። ኒው ዮርክ ብቻ ብትሮጥ፣ ፕሮኮፕቹካ ከሦስቱ አንዷ እስከሆነች ድረስ ጌጤ ብታሸንፍ እንኳ 65 ይዛ ወይ እኩል ትሆናለች ወይ ትበለጣለች። የሚያዋጣው በርሊንን ማሸነፍ፣ ከዚያ ኒው ዮርክንም መሮጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 35 ቀን ነው። ትልልቆቹ የማራቶን ሯጮች በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ 42 ኪሎ ሜትር አስፋልት የመታው ጡንቻ ለማገገም ብቻ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ለሌላ ማራቶን መዘጋጀት ደግሞ ወራት። እሷ ግን ወሰነች።

መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን በ19ኛው ቀን፣ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈች። ያን ቀን የኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ኃይሌ በዚያው ጎዳና 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ደስታው የሁላችንም ነበር። የጌጤ ድል ግን ከሥሩ ተሸፈነ፤ ያን ዕለት 65 ለ55 መምራት መጀመሯን ያስተዋለም ጥቂት ሰው ነው።

ጥቅምት 24 ኒው ዮርክ። ራድክሊፍ በጥር 1999 ዓ.ም. ወልዳ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ማራቶኗ ነበር። ሁለቱ እናቶች ገና ከመነሻው ሌሎቹን ጥለው ወጡ። ራድክሊፍ ከፊት፣ ጌጤ ከትከሻዋ ኋላ፣ በአምስቱ የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ ይህ አልተለወጠም። ፕሮኮፕቹካ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ይህ ማለት ተከታታይ ውድድሩና ግማሽ ሚሊዮን ዶላሩ በጌጤ እጅ ገብቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ሆና ብትገባ ይበቃታል፣ በ35 ቀን ሁለተኛ ማራቶኗን የምትሮጥ ሴት ብትረካበትም ማንም አይወቅሳትም። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ጌጤ በጎን ወጥታ ራድክሊፍን አለፈቻት። ገንዘቡን ሳይሆን ውድድሩን ነበር የፈለገችው። እንግሊዛዊቷ ወዲያው መልሳ አፈተለከች፣ ጌጤም በዚህኛው መልስ አልነበራትም። 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ፤ ጌጤ ከ23 ሰከንድ በኋላ። ፕሮኮፕቹካ ሦስት ደቂቃ ገደማ ዘግይታ ሦስተኛ ገባች። ድምሩ 80 ለ65 ሆነ፤ የመጀመሪያው የታላላቅ ማራቶኖች አጠቃላይ አሸናፊ የጫጫዋ ልጅ ሆነች። በሁለቱ ማራቶኖች የገባችበት ሰዓት ልዩነት 15 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለ ጌጤ ጽናት ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ለንደን ላይ ከመሪዎቹ ጋር ስትሮጥ ውኃ መውሰጃው አጠገብ ተደናቅፋ አስፋልት ላይ ወደቀች። ተነሳች፣ ያመለጧትን ደርሳ ተቀላቀለች፣ ከጀርመናዊቷ ኢሪና ሚኪቴንኮና ከሩሲያዊቷ ስቬትላና ዛካሮቫ ቀጥላ በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሦስተኛ ሆና ገባች።