ኅዳር ሲታጠን የምንረሳው ነገር

ኅዳር 12 ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ የወጣ ሰው ጢሱን ያውቀዋል። በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመራል፣ እሳት ይለኮስበታል፣ ከተማው ይታጠናል። «ለምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «በሽታ ለማባረር» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። የትኛውን በሽታ ብላችሁ ከቀጠላችሁ ግን ብዙው ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል።

በሽታው ስም አለው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው፣ ሌላው ዓለም ደግሞ «የስፔን ጉንፋን» ብሎ የሚጠራው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው በዚያው ወር ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው መሞቱን ጽፈዋል። ከተማዋ ያኔ ከተቆረቆረች ሠላሳ ዓመት ትንሽ ያለፋት ነበረች። ዛሬ አሥር ሺህ ሰው በአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ይኖራል፤ ያኔ ግን የከተማውን ነዋሪ ትልቅ ክፍል ማጣት ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል፣ የሞተውን የሚቀብር ጠፋ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ለዚያ በሽታ መድኃኒት ያኔ የትም አልነበረም፤ ለንደንም ኒውዮርክም አልነበረም። አዲስ አበባ የነበራት ገና አሥር ዓመት ያልሞላው የምኒልክ ሆስፒታልና ጥቂት የውጭ ሐኪሞች ነበሩ። የ1911 ሰዎችን የምንወቅስበት ነገር የለንም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የምንለው ቤተ ሳይዳ እስኪከፈት ስድስት ዓመት ገደማ አለፈ። ጤና ጥበቃ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር የሆነው በ1940 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። በየዓመቱ ሳይቋረጥ የቀጠለው ጢሱ ነው።

ይኼ ልማድ ምን ያህል እንዳስከፈለን ለማየት ወደ ወባው ዓመት እንሂድ።

በ1950 ክረምት ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ሙቀቱም ከፍ አለ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 1951 ድረስ ወባ ወደ ላይ ወጣ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር የሚገኙ፣ ሕዝቡ «እኛ ዘንድ ወባ አይደርስም» የሚልባቸውን የወይና ደጋ አገሮች አጥለቀለቀ። የቆላ ሰው ከወባ ጋር ሲኖር ሰውነቱ ጥቂትም ቢሆን ይለምደዋል፤ የወይና ደጋው ሰው ግን ምንም መከላከያ አልነበረውም። በኋላ የተደረገው ጥናት ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከሃያ ሕመምተኛ አንዱ ማለት ነው። የአዝመራ መሰብሰቢያም ወቅት ስለነበር አልጋ ላይ የቀረው አጫጅ ለሚቀጥለው ዓመት ረሃብን ይተዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከ1911 በተለየ፣ በ1951 መድኃኒት ነበረ። ክሎሮኪን ነበረ፣ ዲዲቲ ነበረ። ማስጠንቀቂያም አልጠፋም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሰው ጨርሶ፣ ለጎንደር የጤና ኮሌጅ መከፈት አንዱ ምክንያት ሆኖ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ ማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ከወጡ ገና ጥቂት ጊዜ ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ ገበሬው ደጃፍ የሚያደርስ እጅ አልነበረም። የወባ ማጥፋት ድርጅት በአሜሪካ እርዳታና በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የተቋቋመው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከቀብር በኋላ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቢጫ ወባ በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ተነሳ። ወደ 30 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። የቢጫ ወባ ክትባት ከተሠራ ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

አሁን ቁጥሩን ከዘመናችን ጋር አስተያዩት። በፈረንጆቹ 2024፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ፣ በኢትዮጵያ 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። ከ1951 ወረርሽኝ እጥፍ በላይ ነው። የሞተው ስንት ነው? 1,157። እርግጥ ሁለቱ አኀዞች እኩል አይደሉም፤ የድሮው ግምት ነው፣ የአሁኑ ደግሞ ጤና ተቋም የደረሰውን ብቻ ይቆጥራል፣ የሕዝቡም ብዛት ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አስበን እንኳ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ትንኟ አልራራችም። ልዩነቱን የፈጠሩት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወደየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ጤና ኬላው፣ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠው የደም ምርመራና በእጅ ያለ መድኃኒት ናቸው። እነዚህ ሁሉ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ገንዘብ የወጣባቸው ነገሮች ናቸው። «ለጤና የወጣ ብር የት ገባ?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

ግን የዚያው ቁጥር ሌላው ፊቱ ያስፈራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወባ ሕመምተኛው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ጦርነት ጤና ተቋማትን ዘጋ፣ ርጭትና አጎበር ተስተጓጎለ፣ አዲስ የትንኝ ዝርያም ገባ። ለዓመታት የተሠራው በአጭር ጊዜ ተቀለበሰ። ዝግጁነት አንዴ ሠርተን የምናስመርቀው ሕንፃ አይደለም፤ እንደ ቤት ጣሪያ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ካልታደሰ ያፈሳል።

ኮሮናን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጀመሪያ የተጠረጣሪ ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝ ግን እዚሁ መመርመር ተጀምሮ ነበር። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ኦክስጅን የሚባለው ነገር ለካ የሆስፒታል ሁሉ የዕለት እንጀራ ኖሯል፤ ያን ጊዜ ነው ሀገር ያወቀው። ወረርሽኙ ሲበርድ አዳራሹ ወደ ኮንሰርቱና ባዛሩ ተመለሰ። መመለሱ ልክ ነው። ጥያቄው በየዞኑ ሆስፒታል ምን ቀረ የሚለው ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2018፣ ኅዳር ሊታጠን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ቫይረሱን የለየው የራሳችን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው፤ በዚህ መኩራት ይገባል። ከተያዙት መካከል ግን የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ማርበርግ በሕመምተኛ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ያለ ጓንትና ያለ መከላከያ ልብስ ሕመምተኛ የሚነካ ባለሙያ ሕይወቱን ያስይዛል። ጓንት ደግሞ በጤና ዕቃ መደብር ከሚሸጠው ሁሉ ርካሹ ነው ማለት ይቻላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እስከ አሁን ከጤናው ወጪ ትልቅ ድርሻ ከውጭ ነበር የሚመጣው። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያው ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ አንድ ወረቀት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ የጤና ባለሙያዎቻችን ደመወዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በወረርሽኝ ቀን ከፊት የምናሰልፋቸው እነሱን ነው። በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃሉን የጠበቀው ሀገር በጣት የሚቆጠር ነው።

«ድሃ ሀገር ለሌለ በሽታ ገንዘብ አታስቀምጥም» የሚለውን ክርክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ይህን የሚለው ሰው ራሱ የእድር አባል ነው። እድር ማንም ሳይሞት በየወሩ ያስከፍላል፤ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን አስቀድሞ ይገዛል። ለቅሶ ቤት ተደርሶ ድንኳን ልንገዛ ነው የሚል የእድር ዳኛ ቢኖር በማግስቱ ይሻራል። ከመንግሥት የምንጠይቀው ከዚያ የረቀቀ ነገር አይደለም።

የሚቀጥለው ዓመት ረቂቅ በጀት እንደ ልማዱ ሰኔ ላይ ምክር ቤት ይቀርባል። የወረዳና የዞን በጀት አብዛኛው ደመወዝ ከፍሎ የሚያልቅ ነው፤ አንድ ነገር ሲነሳ ሥራ አስኪያጁ የአምቡላንስ ነዳጅ እንኳ በደብዳቤ ይለምናል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጠቃላይ ሆስፒታል ለድንገተኛ ወረርሽኝ ራሱን የቻለ፣ ለሌላ ሥራ የማይዛወር የበጀት ርዕስ ይኑረው፦ ለኦክስጅን፣ ለለይቶ ማከሚያ ክፍል፣ ለመከላከያ አልባሳት፣ ለናሙና ማጓጓዣ፣ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ። ካልዋለ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገር እንጂ ተመላሽ አይደረግ፤ በሽታ ባለመምጣቱ የተረፈን ገንዘብ በሰኔ 30 መንጠቅ ሆስፒታሉን ስለ ጥንቃቄው መቅጣት ነው። የምክር ቤት አባላችሁን የምታውቁ፣ ስልኩ ያላችሁ፣ ረቂቁ ሲቀርብ ይህ ርዕስ በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ጠይቁት።