ድንኳኑ ሲነቀል የቀረው ሂሳብ

የአገራችን ታሪክ ሲነሣ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው ድንጋይ ነው፤ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር፣ የጎንደር ግንብ። ድንጋይ ቆሞ ይቆያል፣ ይጎበኛል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ድንኳን ግን ተነቅሎ ይሄዳል፤ ለታሪክ ጸሐፊም አይመችም። ይሁንና እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የዛጉዌ መንግሥት ከወደቀበት ከ1270 ጀምሮ ጎንደር እስከ ተቆረቆረችበት እስከ 1636 ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን የገፉት በድንኳን ነው። ከጎንደር በኋላም ቢሆን ድንኳኑ ታጥፎ አልቀረም፤ እስከ አጼ ምኒልክ ድረስ ዘልቋል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ የድንኳን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄያችን አንድ ነው። ሜዳ ወይም ጫካ ባየበት ድንኳኑን ተክሎ፣ ኪራይ ሳይከፍል፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ እንጨቱን አንድዶ፣ ሲበቃው ነቅሎ የሚሄድ ሰው እውነት በነጻ ሰፈረ ይባላል?

ከቋንቋው እንጀምር። ዛሬ «ከተማ» ሲባል የሚታየን አስፋልትና ፎቅ ነው። በጥንቶቹ ዜና መዋዕሎች ግን «ከተማ» በአብዛኛው የንጉሡ የጦር ሰፈር ማለት ነው፤ ንጉሡ ከተመ ከተባለ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። «ሰፈር»ም ያው ነው። «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ስንባባል ሳናውቀው የዘማች ቋንቋ እየተናገርን ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ በአማርኛችን ጦርም ይሰፍራል፣ እህልም ይሰፈራል። የቃላቱን የዘር ሐረግ ለቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን እንተውና፣ ገበሬው ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ነበር የሚያውቃቸው። ጠዋት ጦሩ ከሰፈረ፣ ማታ እህሉ ይሰፈራል።

ማዕረጎቻችንም ከዚያው ከድንኳኑ አካባቢ የተቀዱ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው ነው፤ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፤ ደጃዝማች ደግሞ የንጉሡን ደጅ የሚጠብቀው። አንድ ሹም የት እንደሚሰፍር ለማወቅ ካርታ አያስፈልገውም ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ቦታ ሲቆም ያያል፣ የራሱን ወገን ያውቃል፣ በቃ። በዚያ ዙሪያ ባለሟሉ፣ ካህናቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው እንደየደረጃው ይተክላል። በማግስቱ ሌላ ሜዳ ላይ ያው ከተማ ያለ መሐንዲስ እንደገና ይቆማል።

ይህን በዓይናቸው ካዩት የውጭ ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 ከአጼ ልብነ ድንግል ሰፈር ደርሶ፣ እስከ 1526 አገራችን ቆይቶ፣ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። እሱ የሚያሳየን በሺህ የሚቆጠር ድንኳንና በአሥር ሺህ የሚቆጠር በቅሎ ያለበት ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። ገበያው አብሮ ይጓዛል። ታቦቶቹ በካህናት ትከሻ ላይ ሆነው፣ ደወል እየተደወለላቸው አብረው ይጓዛሉ። ዳኝነቱም እዚያው ነው። በወንዝና በገደል በተከፋፈለ አገር ላይ ንጉሥ «አለሁ» የሚለው በአካል ሲታይ ነበር፤ በድንኳኑ አጠገብ «አቤት!» ብሎ የሚጮህ ባላገርም አንዳንዴ ይሰማለት ነበር። እንግዲህ ሰፈሩ የመንግሥት አሠራር ነው እንጂ ዝም ብሎ የመንከራተት ልማድ አልነበረም። ይህን ሳንቀበል ወደ ወቀሳ ብንሄድ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል።

ታዲያ ለምን አንድ ቦታ አይቀመጡም? አንደኛው ምክንያት ቀለብ ነው። ግብር የሚከፈለው በአብዛኛው በዓይነት ነው፤ በእህል፣ በማር፣ በከብት። መንገድ የለም፣ ጋሪ የለም። እህሉን በበቅሎና በሰው ጀርባ ከሩቅ አገር እያስጫኑ ወደ አፍ ከማምጣት፣ አፉን ይዞ ወደ እህሉ መሄድ ይቀላል። አንዱ ወረዳ ሲራቆት ወደ ሌላው ይታለፋል። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ አንድ ቦታ ይከረማል፤ መስከረም ሲጠባ እንደገና ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እንጨት ነው። ሰፈር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ውሃ፣ ሣር፣ እንጨት። ውሃው ይፈስሳል፣ ሣሩም ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ጽድና ወይራ ግን በአንድ ክረምት አይመለስም። በየድንኳኑ ምጣድ ይጣዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሌሊት ለብርድ እሳት ይነዳል። በ17ኛው መቶ ዓመት የመጡት የየሱሳውያን ሚሲዮኖች ሰፈሩ ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ መሆኑን ጽፈዋል። መጀመሪያ በደጅ የነበረው ጫካ በወሩ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል፤ ቀጥሎ የአንድ ቀን። እንጨቱን የሚሸከሙት ደግሞ መኳንንቱ አይደሉም። ሴቶቹና አሽከሮቹ ናቸው። ዱቄቱን የሚፈጩት፣ ውሃውን የሚቀዱት፣ ጠጁን በገንቦ አዝለው ተራራ የሚወጡትም እነሱ ናቸው። ዜና መዋዕሉ ስማቸውን አይጠራም እንጂ ያለ እነሱ ጀርባ አንድም ሰፈር አንድ ሌሊት አያድርም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ባለ ዕዳ እንምጣ። ጫካው «ባለቤት የለውም» ሊባል ይችላል፤ ሜዳው ግን የሰው ማሳ ነበር። ጦር ሲሰፍር ገበሬው ድርጎ ያቀርባል፤ እንጀራ፣ ወጥ፣ ጠላ፣ ለበቅሎው ገፈራ። ወታደር በቤቱ ተመርቶ ይገባና የቤቱ ጌታ እንግዳ ይሆናል። እምቢ ቢል ለማን ይከሳል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የመጣው በመጽሐፍ ቤት ከተቀመጠ ሊቅ ዘንድ ብቻ አይመስለንም፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ ካደረበት ሰውም ጭምር ነው። ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት የሚቀረው አመድ፣ የተረገጠ ማሳና ለዘር እንኳ ያልተረፈ እህል ነው።

ነገሥታቱ ይህን አላዩም ማለት አይቻልም። አጼ ቴዎድሮስ (1855–1868) ወታደሩ ገበሬውን ከሚዘርፍ ደመወዝ ይቁረጥለት ብለው ሞክረው ነበር። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከቤተ ክህነት መሬት ለመውሰድ ሲሞክሩ ከካህናቱ ተጣሉ፤ አመፁ ሲበረታባቸው እሳቸውም ወደ ዝርፊያው ተመለሱ። በ1866 ጎንደርን ያቃጠለው ያው ዝርፊያን ሊያስቀር የተነሣው ሠራዊት ነው። በ1888 እና በ1889 ደግሞ የአጼ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን አራቆተ። ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። ከ1888 እስከ 1892 የከብት በሽታው በሬውን ፈጀ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ሕዝቡ አለቀ። የሚሰፈር እህል በሌለበት የሚሰፍር ጦር ምን ይበላል? በ1892 አጼ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲከፍል፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብና በባላገር ቤት መመራቱ እንዲቀር አዘዙ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር። በደቡብ ግን በየኮረብታው የሰፈረው ነፍጠኛ በገባሩ ላይ እንደ ተደለደለ ብዙ ዓመት ቆየ። እዚያ ድንኳኑ አልተነቀለም፤ ሥር ሰደደ እንጂ። ከብዙዎቹ የደቡብ ከተሞቻችን ግርጌ ቢቆፈር የሚገኘው የድንኳን ካስማ ነው።

የመጨረሻው ታላቅ ሰፈር ደግሞ እኛው የምንኖርበት ነው። ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ኮረብታው ለጥበቃ ይመቻል፤ ግን ብርዱ፣ ነፋሱ፣ የውሃው እጥረት፣ በላዩም የማገዶው ማለቅ አላስቀመጣቸውም። በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ግቢው በኮረብታው ላይ ሲቆም መኳንንቱ ዙሪያውን በየጉብታው መሬት ተሰጣቸው፤ ጭፍራቸውም በዙሪያቸው ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ በአንድ ትልቅ የጦር ሰፈር ውስጥ እየሄድን እንደሆነ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

የሚገርመው፣ አዲስ አበባም ልትነቀል ምንም አልቀራትም ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ዙሪያዋ ተራቆተ። በ1900 ገደማ ምኒልክ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጫካ ወዳለበት ሄደው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። በጥንቱ ሕግ ቢሆን አዲስ አበባ እንደ ቀደሙት ሰፈሮች የአመድ ክምር ሆና በቀረች ነበር። ያዳናት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መኳንንቱና የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ቤት ሠርተው መንቀሳቀስ አለመፈለጋቸው ነው፤ ድንጋይ እንደ ድንኳን አይጠቀለልም። ሁለተኛው በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማውም በቦታው ቀረ። ለዘመናት ሰው ወደ እንጨት ሲሄድ ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጨት ወደ ሰው መጣ ማለት ነው። ውሃ ይመጥጣል እያልን የምናማው ባሕር ዛፍ የሰፈርን ዘመን የዘጋ ዛፍ ነው። የእንጦጦ እናቶች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቅጠልና የጭራሮ ሸክማቸውን አዝለው ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክሙ ከጀርባ አልወረደም፤ ዛፉ ብቻ ተለወጠ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ድንኳን እኮ ቀላል ነው፤ እንደ ግንብ መሬቱን አይጫንም» ሲሉ ሰምተናል። ለአንድ ሰው ድንኳን ትክክል ነው። ክፋቱ ከድንኳኑ አይደለም፤ ከቁጥሩ፣ ከቆይታውና «የማን ነው?» ብሎ ካለመጠየቁ ነው። ዛሬ በሌሎች አገሮች ሰው ለመዝናናት ጫካ ገብቶ በነጻ የሚያድርበት መብት አለ። ስዊድን ውስጥ ማንም መንገደኛ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ፣ ምንም ሳያበላሽ፣ አንድ ሁለት ሌሊት በሰው መሬት ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል፤ ይህም ልማድ በ1994 በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ተጠቅሷል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኖችም በነጻ ይሰፈራል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይቆይም። የእኛ ሰፈሮች እንጨት አልቆ የሚያውቁትን ወሰን እነሱ አስቀድመው በቀን ቆጠሩት ማለት ነው።

በእኛም አገር ጥያቄው ገና አልተዘጋም። በ1969 በተቋቋመው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሣሩና ዋልያው እንዲተርፉ ተብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከቦታቸው ተነሡ። የመሬቱ መጎዳት እውነት ነው፤ ዋልያም የእኛ ብቻ ነው። ሆኖም ለሽርሽር የሚመጣው እንግዳ ድንኳን በሚተከልበት ተራራ ላይ የአራሹ ጎጆ ሲፈርስ፣ የድሮው ሂሳብ መልኩን ለውጦ መምጣቱን አለማየት አይቻልም። በ1965 ከዚሁ ግቢ የወጡ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ሲሉ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ በመሬቱ ላይ ማን ይሰፍራል፣ ማንስ ይሰፈርበታል?

አጼ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። የመናገሻ ሱባ ጫካ ዛሬም አለ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስንት ነገሥታት በስንት ኮረብታ ላይ ሰፍረው አለፉ፤ የአብዛኞቹ ሰፈር የት እንደነበረ የሚያመለክት አንድ ዛፍ እንኳ አልቀረም። ታሪክ ስንጽፍ እንግዲህ የተተከለውን ድንኳን ብቻ አንቁጠር። የተቆረጠውን ዛፍ፣ የተሰፈረውን እህል፣ የተሸከመውንም ጀርባ አብረን እንቁጠር።