ዜና ደሴ ወኮምቦልቻ

ስለ ሁለቱ ከተሞች አቀማመጥ

በወሎ ምድር፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ሁለት ጎረቤት ከተሞች አሉ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከርሷ በታች፣ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው የአየሩን ለውጥ በገላው ያውቀዋል። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ሐረጎን ሲጨርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖራል። የከባድ መኪና ሾፌርም ፍሬኑን ሳይፈትሽ ቁልቁለቱን አይጀምርም። ቦርከና ወንዝ ደሴን አልፎ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ሾልኮ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይወርዳል።

ከተሞቹ ጎረቤት ሲሆኑ እንጀራቸው ግን አንድ አይደለም። ደሴ የመንግሥትና የገበያ ከተማ ሆና ኖረች፤ ኮምቦልቻ የመንገድና የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ስለዚህ ሁለቱን አነጻጽረን እንጽፋለን። ይህንንም የምናደርገው የትኛዋ ትበልጣለች ለማለት ሳይሆን ከተማ በምን እንደሚቆም ለማወቅ ነው።

ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤና ስለ ደሴ መቆርቆር

በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በዚያ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ሃይማኖት ተከራከሩ፤ የተዋሕዶም እምነት ጸና። ከዚያ ወዲያ የወሎ ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም የክርስትና አባት ሆኑላቸው። አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ለርሳቸውም ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኑ። ሕዝቡ ሁሉ ግን በአዋጅ እምነቱን አልለወጠም። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ዑለሞች እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ደምም ፈሰሰ። የወሎን ዜና የሚጽፍ ሰው ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባውም። ዛሬ በወሎ የምናየው የሙስሊምና የክርስቲያን መተሳሰብ፣ ከዚያ መከራ በኋላ ሕዝቡ በገዛ እጁ የሠራው ነውና።

በ1875 ዓ.ም. መባቻ ዐፄ ዮሐንስ በጦሳ ሥር ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ጅራታም ኮከብ ታየ። ይህ ኮከብ በሌላውም ዓለም በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ነበር። ንጉሡም በጎ ምልክት ነው ብለው ደስ ተሰኙ፤ ሰፈሩንም ደሴ ብለው ሰየሙት ይባላል። ከዚያ በኋላ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ። የገዢ መቀመጫ በሆነ ስፍራ መኳንንት ይሰበሰባሉ፤ መኳንንቱን ወታደር ይከተላል፤ ወታደሩንም እህል ሻጩ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ኮርቻ ሠሪውና አንጥረኛው ይከተላሉ። ሰኞ ገበያም እንዲህ ደመቀ። የደጋው ገበሬ ገብስና በግ፣ የወይና ደጋው ጤፍና ማር ይዞ ወጣ፤ ከአፋር በረሃ በግመል የተነሣው ጨውም በባቲ በኩል ደረሰ።

ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በደሴ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ወሎንና ትግሬን ያዙ። አይጠየፍ የተባለውንም አዳራሽ አሠሩ፤ በዚያም ለትልቁ ለትንሹ ግብር ይገባ ነበር። በአዲስ አበባ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በተሻሩ ጊዜ ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ። ንጉሡ ቢማረኩም ገበያው አልተማረከም። መሳፍንቱ ሲያልፉ ሰኞ ገበያ በየሳምንቱ ቆመ፤ ደሴም በቤተ መንግሥት ተወልዳ በገበያ አደገች።

ስለ ጣልያን ዘመንና ስለ ኮምቦልቻ መነሣት

በ1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦርነቱን ለመምራት ወደ ደሴ መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ታዩ፤ ፎቶግራፋቸውም በዓለም ተሰራጨ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ።

ጣልያን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ጠረገ። ከዚህም ጋር ወደ አሰብ ወደብ የሚወስድ መንገድ አወጣ። ያ መንገድ በኮምቦልቻ ተገንጥሎ፣ ባቲን አልፎ፣ በሚሌ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያም በኮምቦልቻ ተሠራ። እነሆ፣ ደሴን የንጉሥ ሰፈር እንደ ወለዳት ኮምቦልቻን የመንገድ መገንጠያ አነሣት። ያንን መንገድ የሠራው ወራሪ ለጦሩ ማለፊያ ነበር፤ ወራሪው ሄዶ መንገዱ ቀረ፤ ሕዝቡም ለእህልና ለጨርቅ ማለፊያ አደረገው።

በ1933 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ በር ላይ ተዋጋ። በሩ ሲሰበር ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች። በዚያ ጦርነት ግልጽ እንደ ሆነው ኮምቦልቻን ያጣ ደሴን አይጠብቅም። የደጋው በር በቆላው ነው።

ስለ ሰላሙ ዘመንና ስለ ረኃቡ

ከነጻነት በኋላ ደሴ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም የግዛቱ ገዢ ነበሩ። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የተጠራው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከወሎ አውራጃዎች ሁሉ ልጆችን ሰበሰበ። በፒያሳና በአራዳ የየመን ዐረቦች ሱቅ ከፍተው ከሐበሻ ነጋዴ ጎን ለጎን ጨርቅና ስኳር ይሸጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ኮምቦልቻ የመንገደኛ ከተማ ነበረች። ከአሰብ የመጣው ሾፌር ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን አስነፍቶ፣ ነዳጁን ሞልቶ ሐረጎን ይወጣል። የደሴ ሰው ጸሐፊ፣ አስተማሪና ባለሱቅ ሲሆን የኮምቦልቻ ሰው መካኒክ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ባለ ምግብ ቤት ሆነ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ከዳ፤ ወሎም ተራበች። ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ የደሴን መንገድ ሞላ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ግን ገለጡት። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየው። በኋላ የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ስለዚህ ረኃብ ጻፈ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፣ ከወሎም እህል እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ እንደ ነበር የሚናገሩ ዘገባዎች እንዳሉ አመለከተ። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋና ከብቱ ሲያልቅ መግዣ አጣ፤ እህል የተሰጣበትን ገበያ እያየ ሞተ። ገበያ ከተማን ቢያቆምም ብር የሌለውን ሰው ከረኃብ አያድንም። ይህን ዜና መጻፍ ያማል፤ ነገር ግን ካልተጻፈ ይደገማል። በ1977 ዓ.ም. ዳግመኛ ተደገመ።

ስለ ፋብሪካዎችና ስለ ወደቡ መዘጋት

በደርግ ዘመን በኮምቦልቻ ሜዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ። የቆዳ ፋብሪካና የብረታ ብረት ፋብሪካም በከተማዋ ሠሩ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ለገበሬ ልጅ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር መጣ። የደሴ የመንግሥት መቀመጫነት ግን ቀነሰ። የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ፈርሶ ክልል ሲቆም የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነ፤ ደሴም የደቡብ ወሎ ዞን ከተማ ሆና ቀረች።

በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር በደሴ 97 ሺህ ያህል፣ በኮምቦልቻ 39 ሺህ ያህል ሰው ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደሴ ከተሜ 120 ሺህ ያህል፣ የኮምቦልቻ 58 ሺህ ያህል ሆነ። ደሴ በሩብ ያህል ስታድግ ኮምቦልቻ በግማሽ ያህል አደገች ማለት ነው። ደሴ ትልቅነቷን ይዛ ቀጠለች፤ ኮምቦልቻ ግን በፍጥነት ቀደመቻት።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ያ መንገድ ኮምቦልቻን የወለዳት ነበር። እርሷ ግን አልሞተችም፤ ሾፌሩ በሚሌ በኩል ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ ፋብሪካውም ሠራተኛውን ያዘው።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ስለ ጦርነቱ

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በ75 ሄክታር ላይ ቆመ፤ 90 ሚሊዮን ዶላርም ወጣበት። የጣልያን፣ የአሜሪካና የኮርያ ኩባንያዎች ገቡ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድም የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። የገጠር ልጃገረዶች እየመጡ ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል ተከራዩ። ማታ አንዷ ሽሮ ስትሠራ ሌላዋ ለነገው ፈረቃ ልብሷን ታጥባለች፤ ከደመወዛቸው ጥቂቷን ለእናታቸው ይልካሉ። ብዙዎቹ የቤተሰባቸው የመጀመሪያ ደመወዝተኛ ናቸው፤ የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ የኪራይ ጭንቀት የሚይዛቸውም እነርሱ ናቸው።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በ2014 ዓ.ም. መከራ መጣ። በመንግሥትና በህወሓት መካከል የተነሣው ጦርነት ከሰሜን ሲወርድ ከራያና ከወልዲያ የተፈናቀለ ሕዝብ በመቶ ሺዎች ሆኖ ደሴን ሞላ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የከተማው ሰውም ቤቱን ከፈተ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ እንጀራ ሰበሰቡ፤ የሚያበስሉት እናቶች የተራበውን ሃይማኖት አልጠየቁም። እንግዳውን “አብሽር” ይሉታል፤ የወሎ ሰው ለተጨነቀ የሚለው ቃል ይህ ነው። በጥቅምት ወር የህወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ። ሆስፒታልና ፋብሪካ ተዘረፈ፤ የእርዳታ እህል መጋዘንም ስለ ተዘረፈ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች ሥርጭቱን አቆመ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ ያዘ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን አጎዋ የተባለ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ዘጋች። ከጦርነቱ የተረፈው ፋብሪካ ገበያ አጣ። የአንድ ሩቅ አገር ውሳኔ በኮምቦልቻ አንዲት ልጅ ኪራይ ላይ ደረሰ።

ስለ ፍርዱ

እንግዲህ ነገሩን እንመዝን። ደሴን ንጉሥ፣ ኮምቦልቻን ወራሪ፣ ፓርኩን መንግሥትና የውጭ ገንዘብ ጀመሩት። ሦስቱም ጅማሮዎች ከላይ ወርደው የመጡ ናቸው፤ የጀመራቸውም እጅ ሲነሣ ተናውጠዋል። ደሴ ዙፋኗን፣ ጠቅላይ ግዛቷንም አጥታ የቆመችው ገበያዋ የብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ስለሆነ ነው፤ አንዱ ሲከስር ሌላው ይተርፋል። ኮምቦልቻ በአንድ ወደብ ስትኖር ወደቡ ተዘጋ፤ በውጭ ገበያ ስትኖር ገበያው ተዘጋ። ነገር ግን ደሴ ለሥራ አጥ ልጆቿ የምትሰጠው ደመወዝ ጥቂት ነው፤ ኮምቦልቻ ደመወዝ ልትሰጥ ትችላለች። የአንዷ ጉድለት የሌላዋ ምላሽ ነው።

ስለዚህ የሁለቱን አስተዳደሮች አንድ አሳብ ማገናኘት አለበት። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥጡንና ቆዳውን ከወሎ ገበሬ ይግዛ፤ የሠራውንም በደሴ ገበያ ጭምር ይሽጥ። ለፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ይሠራ፤ ደመወዛቸውም የሰው ኑሮ የሚያኖር ይሁን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኮምቦልቻ ነው፤ ትምህርቱ ሐረጎን ከተሻገረ ሥራውም ይሻገር። የ1965 ዓ.ም. ረኃብ ያስተማረን ገበያ ብቻውን እንደማያድን፣ የ2014 ዓ.ም. መከራ ያስተማረን ደግሞ ፋብሪካ ብቻውን እንደማያቆም ነው። በሁለቱም መከራ የቀረው፣ ቤቱን ለተፈናቀለ የከፈተ ሕዝብ ነው። ሹመኛው ይህን ሕዝብ ጠይቆ ይሥራ፤ የሁለቱ ከተሞች ዜና ጸሐፊም ከእንግዲህ የሚጽፈው ሕዝቡ ራሱ የጀመረውን ይሁን።