«እንኳን ደስ አለዎት!» የሚለው ፖስታ፦ የዲቪ ደብዳቤና የአታላዮች ታሪክ



በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በባኮ የሚኖር ሰው «እገሌ ዲቪ ደረሰው» ሲባል ሰፈሩ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ዛሬ የምናነሳው ያ ደስታ እንዴት የአታላዮች መሣሪያ እንደሆነ ነው። ሰው ሐሰተኛውን ደብዳቤ ያመነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እውነተኛው ደብዳቤም አንድ ወቅት በፖስታ ይመጣ ስለነበር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ለአብዛኛው ሰው ቤቱ ድረስ አይመጣም፤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው የዘመድ፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሣጥን ቁጥር ይሰጣል። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ ላይ የችግሩ በር የሆነው ይኸው ነው።

የዲቪ ዕጣ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመልካቹ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና አድራሻውን በወረቀት ጽፎ በፖስታ ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር። ዕጣው የወጣለትም መልሱን የሚያገኘው በፖስታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ምዝገባው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆነ። ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአሸናፊዎች ደብዳቤ ግን ከኬንታኪ በፖስታ መምጣቱን ለተወሰኑ ዓመታት ቀጠለ።

ታዲያ ፎርሙን የሚሞላው ሰው የማንን ፖስታ ሣጥን ያስገባል? አንዳንዱ የራሱን። ዕጣው ሲወጣ ደብዳቤው በደላላው እጅ ይገባል፤ ባለቤቱም የገዛ ደብዳቤውን ለማግኘት ገንዘብ ይጠየቃል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር በወረቀት እንዲጋባና ያንን ሰው ይዞ እንዲሄድ ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ይህን መሰሉን ማስገደድና የውሸት ጋብቻ ከዲቪ ዋና ዋና ችግሮች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል።

ሁለተኛው ዓይነት አታላይ ደግሞ ደብዳቤውን ራሱ ፈጠረው። የንስር ምልክት፣ ባንዲራ፣ የጉዳይ ቁጥርና «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ቃል አለው። መጨረሻው ላይ «በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህን ያህል ዶላር በዌስተርን ዩኒየን ይላኩ፤ አለዚያ ዕድሉ ያመልጥዎታል» ይላል። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ስፔን ውስጥ የታሰረ ባለጸጋ አለ፤ ለማስፈቻው ጥቂት ገንዘብ ብትልክ ሀብቱን ያካፍልሃል» የሚሉ ደብዳቤዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ይዞሩ ነበር። አገሩና ስሙ ይለወጣል እንጂ መንገዱ ያው ነው፦ ትልቅ ተስፋ፣ ትንሽ ቅድመ ክፍያ፣ አጭር ጊዜ።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለአሸናፊዎች በፖስታ ደብዳቤ መላክ ቀረ። ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ በድረ ገጽ ያያል። እውነተኛው ደብዳቤ ቆመ፤ ሐሰተኛው ግን አልቆመም። ወደ ኢሜይል፣ ወደ ስልክና ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ደላላውም ቢሆን ፖስታ ሣጥኑን ትቶ የማረጋገጫ ቁጥሩን መያዝ ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አራት ነው።

አንደኛ፦ ያልተመዘገብንበት ዕጣ አይደርሰንም። ሎተሪ ያልቆረጠ ሎተሪ አይወጣለትም።

ሁለተኛ፦ ሽልማት የሚሰጥ አስቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የዲቪ ቪዛ ክፍያም የሚከፈለው በቃለ መጠይቁ ጊዜ በኤምባሲው ነው እንጂ በሐዋላ ለግለሰብ አይላክም።

ሦስተኛ፦ የማረጋገጫ ቁጥሩ የባለቤቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሞላልንም ወረቀቱን ይዘን እንውጣ፤ ውጤቱንም ራሳችን እንይ።

አራተኛ፦ ዕጣ መውጣቱ ቪዛ ማግኘት ማለት አይደለም። ከቪዛው ብዛት በላይ ሰው ስለሚመረጥ ብዙዎች ይቀራሉ። ስለዚህ ፓስፖርት ላይ ቪዛ ሳይታተም በሬ መሸጥም ሆነ ብድር መግባት አይገባም።

የተታለለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። አታላዩ የሚኖረው በዚሁ ዝምታ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን እንደ ከባድነቱ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ደብዳቤውንና የሐዋላውን ደረሰኝ ሳንጥል ለፖሊስ ማመልከት መብታችን ነው፤ ሌላውንም ወንድማችንን ማዳን ነው።

ይህን ጽሑፍ ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ለልጃቸው ብለው ጥሪታቸውን የሚያወጡት እነርሱ ናቸውና።