ያልወጣ ስልክ እንዴት ይታወቃል? የፈቃድ ወረቀትና የኔትወርክ ባንድ ታሪክ

አንድ ኩባንያ አዲሱን ስልኩን መድረክ ላይ ከማሳየቱ ከሳምንታት በፊት የስልኩ ቁመትና ወርድ፣ የሚሠራበት ኔትወርክ፣ አንዳንዴም ፎቶው ሳይቀር ወጥቶ ታያላችሁ። "መረጃው ሾለከ" ይባላል። ይህን ስንሰማ የብዙዎቻችን ግምት ፋብሪካ ውስጥ በድብቅ ፎቶ ያነሳ ሠራተኛ አለ የሚል ነው። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ብዙ ጊዜ ግን የሰረቀም የሸጠም ሰው የለም። መረጃውን ጽፎና ፈርሞ ያስገባው ራሱ ኩባንያው ነው። ያስገባው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ማንም እንዲያየው ክፍት አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ለምን? ምስጢር ለመጠበቅ ያን ያህል የሚደክሙ ኩባንያዎች ምስጢራቸውን በገዛ እጃቸው የሚያስረክቡት ምን ቢያስገድዳቸው ነው? መልሱ ከስማርትፎን በፊት፣ ከሞባይልም በፊት፣ ራዲዮ ገና ጨቅላ ሳለ ይጀምራል። (ካልገለጽን በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አየሩ የማን ነው?

የራዲዮ ሞገድ አጥር አያውቅም። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እኩል ቢጮኹ የማንኛቸውም ንግግር በቅጡ አይሰማም። ሁለት ማሠራጫዎችም በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲያስተላልፉ አንዱ የሌላውን ያበላሻል።

አሜሪካኖች ይህን በመራራ መንገድ ነው የተማሩት። ታይታኒክ በ1912 ስትሰምጥ አየሩ ላይ የነበረው ትርምስ ብዙ ሰው አስቆጣ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማሠራጫ ያለው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ጥርስ አልነበረውም። በ1926 ፍርድ ቤት መንግሥት በዚያ ሕግ ለጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ መወሰን አይችልም ሲል፣ የራዲዮ ጣቢያዎች እንዳሻቸው ቦታ መቀያየር ጀመሩ፤ አየሩም ገበያ መሰለ። በ1927 የፌዴራል ራዲዮ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1934 ደግሞ እሱን የተካው፣ እስከ ዛሬም ያለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ ተመሠረተ።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሐሳብ ቀላል ነው። አየሩ የሕዝብ ነው፤ በሱ የሚጠቀም ሁሉ የት ቦታ ላይ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚናገር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሬዲዮ ጣቢያም ሆነ የኪስ ስልክ ለውጥ የለውም። በ1996 ሌላ ግዴታ ተጨመረ። ስልክ ጭንቅላት አጠገብ ስለሚያዝ ሰውነት ከሞገዱ የሚቀበለው ኃይል በአንድ ኪሎ ግራም ከ1.6 ዋት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህም በላቦራቶሪ ይለካል፤ ሪፖርቱም ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

የስልክ ታርጋ

መኪና ታርጋ እንዳለው ሁሉ ኤፍሲሲ የፈቀደው ስልክም መለያ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የባለቤቱ ኮድ ናቸው። "ቢሲጂ" ካያችሁ አፕል ነው፤ "ኤ3ኤል" ሳምሰንግ፤ "ኤ4አር" ጉግል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዕቃው መለያ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው አይፎን ሞዴል ቁጥሩ ኤ1203 ስለነበር መለያው "ቢሲጂኤ1203" ሆነ።

ታርጋውን ይዞ መዝገቡ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ወረቀት ያገኛል። ሁሉም ግን እኩል ክፍት አይደለም። የውስጥ ወረዳው ንድፍና ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራው ሰነድ ኩባንያው ከጠየቀ ለዘለቄታው ይደበቃል። የስልኩ ፎቶና የተጠቃሚ መመሪያው ደግሞ ለጊዜው ይደበቃሉ፤ መጀመሪያ ለ45 ቀን፣ ሲራዘም እስከ 180 ቀን። የሞገድ ፍተሻው ሪፖርት ግን አይደበቅም። ፈቃዱ የተሰጠው በሱ መሠረት ነውና፤ ማስረጃው ካልታየ ፈቃዱን ማን ያምነዋል?

እንግዲህ ፎቶው ተደብቆ፣ ስሙ ተደብቆ፣ ሪፖርቱ ብቻ ገሃድ ይወጣል። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ደግሞ የባንድ ዝርዝር ነው።

ባንድ ለምን ይናገራል?

ባንድ ስንል የሙዚቃውን አይደለም። የራዲዮ ፍሪኩዌንሲዎች እንደ ሰፊ መንገድ ናቸው ብላችሁ አስቡ። መንግሥታት መንገዱን በመስመር ከፍለው ለየኔትወርኩ ያድላሉ ወይም ይሸጣሉ። አንዱ ክፍል ባንድ ይባላል። ችግሩ፣ መስመሮቹ በየአገሩ ይለያያሉ። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ አሜሪካ 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ስትጠቀም፣ አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ 900 እና 1800ን ይዘዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ እምቢ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ስልክ ሠሪ ታዲያ ለምን ሁሉንም ባንድ አያስገባም? ባንድ በነጻ ስለማይመጣ ነው። እያንዳንዱ ባንድ ሌላውን ሞገድ የሚያጣራ ማጣሪያ፣ ኃይል የሚሰጥ ማጉያና ለዚያ ፍሪኩዌንሲ የተስተካከለ አንቴና ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ቀጭን ስልክ ውስጥ ቦታ ይሻማሉ፤ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ስለዚህ በተለይ በ3ጂ ዘመን መሐንዲሶች አንድ ባንድ ካስገቡ፣ የሚሸጡበት ኔትወርክ ስላለ ነው ማለት ይቻላል። ዝርዝሩ የገበያ ዕቅድ ሆኖ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ስቲቭ ጆብስ የቀደመው ወረቀት

ይህን አደጋ በደንብ ከተረዱት አንዱ የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ነበር። ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጀመሪያውን አይፎን ሲያሳይ ስልኩ ለገበያ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነበር። አፕል ደግሞ ዕቃውን በዚያው ሰሞን ካልሸጠ አስቀድሞ ማሳየት የማይወድ ኩባንያ ነው። ጆብስ ምክንያቱን እዚያው መድረክ ላይ ተናገረ፤ ለኤፍሲሲ ማመልከት ስላለብን፣ መሥሪያ ቤቱ ከሚያስተዋውቅልን እኛው ብናስተዋውቀው ይሻላል የሚል ነበር። ተሰብሳቢው ሳቀ። ፈቃዱ ሜይ ላይ ተገኘ፤ ስልኩም ጁን 29 ቀን ገበያ ላይ ዋለ። በታሪክ ከታወቁት ትልልቅ የምርት ምረቃዎች የአንዱን ቀን በመወሰን ረገድ ይህ የፈቃድ ወረቀት ድርሻ ነበረው ማለት ነው።

ኔክሰስ ዋን፦ አንድ መስመር ብዙ ሲናገር

ከሦስት ዓመት በኋላ የባንድ ንባብ በደንብ የታየበት አጋጣሚ መጣ። በ2009 መጨረሻ ላይ ጉግል የራሱን ስልክ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ነበር። ትልቁ ጥያቄ፣ በየትኛው ኔትወርክ? የሚለው ነው።

ዲሴምበር ላይ ኤችቲሲ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ያስገባው ፋይል ኤፍሲሲ መዝገብ ላይ ታየ። ጉግል የሚል ስም ፊት ለፊት ተጽፎ አይደለም፤ ሰዎች ያነበቡት ባንዶቹን ነው። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ኔትወርኮች ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን የሚያስኬደው በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ነበር። ቲ-ሞባይል ደግሞ ባንድ 4 በሚባለው፣ ስልኩ በ1700 እየላከ በ2100 በሚቀበልበት መስመር ነበር የሚሠራው። ፋይሉ ውስጥ ለ3ጂ የተፈተነው ባንድ 4 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስልኩ በኤቲ ኤንድ ቲ ላይ 3ጂ ሊይዝ አይችልም፤ የተሠራው ለቲ-ሞባይል ደንበኞች ነው ማለት ነው።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2010 ጉግል ኔክሰስ ዋንን አሳየ። ከማንም ኔትወርክ ጋር ሳይታሰር በ529 ዶላር፣ በሁለት ዓመት ውል ከሆነ ደግሞ በ179 ዶላር። ውሉ ከቲ-ሞባይል ጋር ነበር። ቆየት ብሎ በመዝገቡ ላይ ሌላ የኤችቲሲ ፋይል ብቅ አለ፤ የዚህኛው 3ጂ በ850 እና በ1900 ነው። ለማን እንደሆነ አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማርች 16 ቀን 2010 ጉግል ለኤቲ ኤንድ ቲ የሚሆነውን ኔክሰስ ዋን መሸጥ ጀመረ።

ሞገዱ ስምምነትን ሲያጋልጥ

ሌላው ምሳሌ ከቻይና ነው። እዚያ ስልክ ኔትወርክ ላይ ለመግባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የመዝገቡ ገጽም ፎቶ፣ ልኬት፣ ክብደትና ባንድ ያወጣል። ለዚህ ነው ብዙ ስልኮች በመጀመሪያ እዚያ "የሚታዩት"።

ቻይና በ3ጂ ዘመን ቲዲ-ኤስሲዲኤምኤ የሚባል የራሷ ሥርዓት ነበራት። የተጠቀመበት ቻይና ሞባይል ነው፤ በ2013 ከ700 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች የነበሩት ኩባንያ። አይፎን በዚያ ሥርዓት አይሠራም ነበር፤ ሁለቱ ኩባንያዎች ለዓመታት ቢነጋገሩም አልተስማሙም። በሴፕቴምበር 2013 ግን ለዚህ ሥርዓት የተዘጋጀ የአይፎን ሞዴል ፈቃድ አግኝቶ መዝገቡ ላይ ታየ። ስልኩ ራሱ በዚያው ሰሞን ተዋውቋል፤ ያልተነገረው ስምምነቱ ነበር። ለሌላ ማንም የማይጠቅም ሬዲዮ ስልክ ውስጥ የሚያስገባ መሐንዲስ ደግሞ የለም። ዲሴምበር 22 ቀን ሁለቱ ኩባንያዎች መስማማታቸውን አስታወቁ፤ ሽያጩ ጃንዋሪ 17 ቀን 2014 ተጀመረ።

የት ላይ እንሳሳታለን?

ወረቀቱ አይዋሽም፤ አንባቢው ግን ሊሳሳት ይችላል። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ባንድ ስልኩ ላይ የለም ማለት አይደለም። ኤፍሲሲ የሚያሳስበው አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ለእኛ አገር የሚጠቅመውን 900 ሜጋኸርዝ እዚያ ብታጡት ስልኩ እዚህ አይሠራም ብላችሁ አትደምድሙ።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ማውጣት መሸጥ አይደለም። ቴክኖን ውሰዱ። አገራችን ውስጥ በብዛት የምናየው፣ ዋና ገበያው አፍሪካ የሆነ ስልክ ነው፤ ግን ኤፍሲሲ መዝገብ ላይ "2ኤዲዋይዋይ" የሚል የራሱ ኮድ አለው። ፋይሉን ያየ ሰው "ቴክኖ አሜሪካ ሊገባ ነው" ቢል ይሳሳታል። በይፋ የተነገረ ዕቅድም ይቀራል፤ ጉግል ኔክሰስ ዋንን ለቬራይዘን እንደሚያመጣ ተናግሮ በአፕሪል 2010 ሐሳቡን ትቷል።

ሦስተኛ፣ ዘዴው ራሱ እየተዳከመ ነው። በ2012 አይፎን 5 የተለያዩ አገሮችን ባንዶች ለማዳረስ ከአንድ በላይ ሞዴል አስፈልጎት ነበር፤ ባንዱን አይቶ አገሩን መገመት ቀላል ነበር። ዛሬ አንድ ውድ ስልክ ከ20 በላይ የ4ጂ ባንዶችን ይይዛል፤ ሁሉንም የሚናገር ደግሞ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ኩባንያዎቹም ተምረዋል። ፈቃዱ በሚፈልጉት ቀን እንዲወጣ ይጠይቃሉ፤ የአፕል ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ከተዋወቀ በኋላ ነው የሚታዩት።

መዝገቡ ዛሬም ክፍት ነው

ይህ ሁሉ የስልክ ወሬ ለሚወዱ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። መዝገቡ የተከፈተው ግን ወሬ እንዲወራበት አይደለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ዕቃ በምን ያህል ኃይል ሞገድ እንደሚያወጣ፣ የጎረቤትን መገናኛ እንደማያውክ ማንም ሰው፣ ተማሪም ቢሆን፣ ማጣራት እንዲችል ነው። የኩባንያው ምስጢር የሚጋለጠው በአጋጣሚ ነው፤ የሕዝብ የሆነውን አየር ለመጠቀም የሚከፈል ዋጋ ልትሉት ትችላላችሁ። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (በእኛ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፍሪኩዌንሲ ይመድባል፤ አገር ውስጥ የሚገቡ የመገናኛ ዕቃዎችንም መርምሮ ያጸድቃል።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ ስልካችሁ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ "ስለ ስልኩ" በሚለው ሥር የፈቃድ ወይም የቁጥጥር መረጃ የሚል ገጽ ፈልጉ። አሜሪካ በ2014 ባወጣችው ሕግ የኤፍሲሲ መለያው ጀርባው ላይ በመታተም ፈንታ እዚያ እንዲታይ ተፈቅዷል፤ በድሮ ስልክ ከሆነ ጀርባውን ወይም ከባትሪው ሥር ያለውን ጽሑፍ እዩ። መለያውን ካገኛችሁ መዝገቡ ውስጥ አስገቡትና የባንዶቹን ዝርዝር አውጡ። ከዚያ እያንዳንዱ ባንድ ለየትኛው አገርና ለየትኛው ኔትወርክ እንደተሠራ አንድ በአንድ ለዩ። የታወቀውን ስልክ ማንበብ የቻለ ሰው ያልታወቀውን ለማንበብ ብዙ አይቸገርም።