ኢሊዮ ባሮንቲኒ

ኢሊዮ ባሮንቲኒ (እ.ኤ.አ. 1890 – 1951) ጣልያናዊ የፀረ-ፋሺስት ትግል አዛዥ፣ በኋላም የጣልያን ኮሚኒስት ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበሩ። በኢትዮጵያ የሚታወሱት በጣልያን ወረራ ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ባለው በጎጃም ከአርበኞች ጎን ተሰልፈው የገዛ አገራቸውን ጦር በመታገላቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ባሮንቲኒ የተወለዱት በቶስካና ክፍለ ሀገር በቼቺና ሲሆን የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በ1921 ፓርቲው በሊቮርኖ ሲመሠረት አባል ሆኑ። በ1931 ከፋሺስቶች ሸሽተው ወደ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሰደዱ። በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ከጋሪባልዲ ባታሊዮን አዛዦች አንዱ ነበሩ። ይህ ባታሊዮን በ1937 በጓዳላጃራ ሙሶሊኒ የላከውን ጦር ድል ካደረጉት ክፍሎች አንዱ ነው።

በጎጃም

በ1938 በጎጃም አመፁ ተስፋፍቶ ስለነበር ጣልያኖች በባሕር ዳር፣ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ምሽጎቻቸው ቢቆዩም ገጠሩን መቆጣጠር አልቻሉም። ሆኖም መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀን የመሳሰሉ የአርበኞች መሪዎች እያንዳንዳቸው በየአካባቢያቸው ስለሚዋጉ አንድ የጋራ እዝ አልነበራቸውም።

የባሮንቲኒ ፓርቲ ወረራውን ይቃወም ስለነበር እሳቸውን በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ላካቸው። በ1939 አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ ተከተሏቸው። ሦስቱ ማንነታቸውን ለመሰወር የሐዋርያት ስም ያዙ፦ ባሮንቲኒ ጳውሎስ፣ ሮላ ጴጥሮስ፣ ኡክማር ዮሐንስ ተባሉ። አርበኞችን የደፈጣ ውጊያ አሠለጠኑ፤ በአማርኛና በጣልያንኛ ጋዜጣም አዘጋጁ። በ1940 አገሪቱን ለቀው ወጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጎጃም ገብተው መንገሻንና ነጋሽን አስማሙ።

ወደ ጣልያን መመለስ

ባሮንቲኒ በፈረንሳይ ከጀርመን ወራሪዎች ጋር ከተዋጉ በኋላ በ1943 ወደ ጣልያን ተመለሱ። በዚያም «ዳሪዮ» በሚል የምስጢር ስም የኤሚሊያ-ሮማኛ አካባቢ ታጣቂዎች የበላይ አዛዥ ሆኑ። ኡክማርም በጄኖቫ አካባቢ ተመሳሳይ ኃላፊነት ነበራቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ባሮንቲኒ በ1946 የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባል፣ በ1948 ደግሞ ሴናተር ሆኑ። በጥር 1951 በመኪና አደጋ ሞቱ። በጎጃም የተዋጉት ከ1936 እስከ 1941 ኢትዮጵያን ከያዘው ፋሺስት መንግሥት ጋር ሲሆን፣ ያው መንግሥት በአገራቸው ሲወድቅ ለማየት በቅተዋል።