ከሸክላው ጀርባ የወጣ ዘፈን

ሥራዬ ቅንብር ነው። ዘፋኝ ዜማ ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ ኪቦርዴን ከፍቼ ቤዙን፣ ከበሮውንና መግቢያውን እሠራለታለሁ። ሰው ስለ ዘፋኙ ድምፅ ሲያወራ የኔ ጆሮ ከኋላው ወዳለው ይሄዳል። «ታይንትድ ላቭ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ዘፈን የምወደውም ለዚሁ ነው።

ግጥምና ዜማውን የደረሰው አሜሪካዊው ኤድ ኮብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በግሎሪያ ጆንስ ድምፅ የወጣው በትንሿ ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር፤ ይሸጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለው ፊቱ ላይ ባለው ሌላ ዘፈን ነው። ፊቱም ጀርባውም ገበያ አላገኘም። ያንን ቅጂ ብትሰሙት ትገረማላችሁ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይጮኻሉ፣ ከበሮው ይጋልባል፣ ግሎሪያም ታንበለብለዋለች። ፍቅረኛዋን ጥላ የምትሄድ ሴት ሳትሆን አውቶቡስ ሊያመልጣት የደረሰ ትመስላለች።

ከተረሳበት ያወጡት የሰሜን እንግሊዝ ጨፋሪዎች ናቸው። በ1970ዎቹ የፋብሪካ ከተማ ወጣቶች ቅዳሜ ሌሊት ተሰብስበው እስኪነጋ ይጨፍሩ ነበር፤ የሚጨፍሩትም አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጥ በቀረ ፈጣን የጥቁሮች ሙዚቃ ነው። «ኖርዘርን ሶል» ይሉታል። ስመ ጥሩው ቤት በ1973 ሌሊት መጨፈሪያ የሆነው ዊጋን ካሲኖ ነበር። መጠጥ አይሸጥበትም ነበር፤ እግር እንዲንሸራተት ወለሉ ላይ የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱበት ነበር። ዲጄዎቹ ብርቅ ሸክላ ሲያገኙ ተፎካካሪ እንዳይደርስበት ስሙ ላይ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ምቀኝነት ነው፣ ግን ይገባኛል። ሪቻርድ ሲርሊንግ የተባለው ዲጄ በ1973 ከአሜሪካ ገዝቶ ያመጣው የግሎሪያ ሸክላ እነዚህን ጨፋሪዎች አሳበደ። እሷም በ1976 ሙዚቀኛው ማርክ ቦላን ፕሮዲዩስ አድርጎላት ዘፈኑን እንደገና ቀዳችው፤ አሁንም አልሸጠም።

ዴቭ ቦል ይህንን ሙዚቃ እየሰማ ብላክፑል ያደገ ልጅ ነበር። ሊድስ ፖሊቴክኒክ ሲማር ከማርክ አልመንድ ጋር «ሶፍት ሴል»ን አቋቋመ፤ አልመንድ ይዘፍን፣ ቦል ሲንተሳይዘር ይጫወት ነበር፣ በቃ። በ1981 ከፕሮዲዩሰሩ ማይክ ቶርን ጋር «ታይንትድ ላቭ»ን ሊቀዱ ስቱዲዮ ገቡና ቶኑን ለአልመንድ ድምፅ እንዲመች ከሲ ወደ ጂ አወረዱት። ፍጥነቱን ቀነሱ፤ ትንፋሾቹን ጠራርገው አስወጡ። መግቢያው ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ድምፆች አሉ። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሰው ዘፈኑን የሚለየው በነሱ ነው፤ አቀናባሪ የሚቀናውም በእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሲዘገይ ደግሞ ሐዘኑ ወጣ። ሸክላው ላይ የቀረው አልመንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነው ነው፤ እኔ ብሆን «እስቲ አንዴ ድገመው» ብዬ ጣዕሙን አጠፋበት ነበር።

ዘፈኑ በ1981 መስከረም እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የዊጋን ካሲኖ በር የተዘጋው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰንጠረዡ ላይ መቶኛ ድረስ ወርዶ አለቀለት ሲባል ተመልሶ ስምንተኛ ደረሰ፤ በጠቅላላው 43 ሳምንት ቆየ፣ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር።

ብሩስ? የሸክላ ሽያጭ ለደራሲ የሚከፍለው ለፊቱም ለጀርባውም ነው። የሰው ዘፈን የሚጫወት ባንድ ጀርባው ላይ የራሱን ድርሰት የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚገዛው ፊቱን ቢሆንም ጀርባው አብሮ ይከፈለዋል። ሶፍት ሴሎች ግን ጀርባውም ላይ የሰው ዘፈን አደረጉ፤ የሱፕሪምስ ቡድን የዘፈነውን። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ በደራሲነት ሰባራ ሳንቲም አላገኙም፤ የደረሳቸው የተጫዋችነቱ ድርሻ ብቻ ነው። በኛ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ሦስቱም ይጻፍ ነበር። እኔ ግን የሚከፈለኝ አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጥ የኔ ጉዳይ አይደለም።

በ2006 ሪሃና «ኤስ ኦ ኤስ»ን ስትዘፍን ከሥር የሚሄደው የሶፍት ሴል ቤዝ ነበር። በደራሲነት ስሙ የገባው ግን ኤድ ኮብ ነው፤ ያኔ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።